ቡችላው ሌሊቱን ደርቆ እንዲያድር፦ ሳጥን የማስለመድ ዝርዝር መመሪያ

የምኖረው ልደታ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዳማ የ8 ሳምንት ቡችላ ሆኖ ወደ ቤቴ የገባው በጥቅምት፣ ብርዱ አጥንት ውስጥ በሚገባበት ወር ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት በሌሊት ደረጃውን ስንት ጊዜ እንደወረድኩ አልቆጠርኩም፤ የግቢው ጥበቃ ግን ቆጥረውታል። በአምስተኛው ሌሊት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ብቅ አሉና «ልጄ፣ ትናንት አራት ጊዜ፣ ዛሬ ሦስተኛሽ ነው። ይሄ ውሻ ነው ወይስ አራስ ልጅ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። የ2 ወር ቡችላ ሽንቱን የሚይዝበት ጡንቻ ገና አልጠናም፤ ስለዚህ ሌሊት መነሳት አይቀርም። ቢሆንም አራት ጊዜ መነሳቴ የእኔ ጥፋት ነበር። እኛ አገር ውሻ የግቢ ነው፤ ቀን ታስሮ ይውላል፣ ሌሊት ተለቆ ያድራል፣ የት እንደሸና የሚጠይቀው የለም። ቡችላን ቤት ውስጥ በንጽሕና የማሳደር ልምድ ከወላጆቻችን አልወረስንም። የወረስነው ነገር ቢኖር አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸትና በጥፊ ማለት ነው። ይህን ዛሬውኑ ይተዉት። ቡችላ መመታቱን ከአፍታ በፊት ካደረገው ነገር ጋር አያገናኝም፤ የሚማረው እርስዎ ባሉበት መሽናት እንደሚያስመታ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ከሶፋ ጀርባ ተደብቆ ይሸናል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ሲያቆሙት ደግሞ ፈርቶ ይይዘዋል።

ሳጥን የምለው በሩ የሚዘጋ፣ አየር እንደ ልብ የሚገባበት፣ ቡችላው የሚተኛበትን ጠባብ ማደሪያ ነው። ብዙ ሰው ኬጅ ይለዋል። የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ቡችላ መራመድ ከጀመረበት ከ3 ሳምንት ዕድሜው አንስቶ ከእናቱ ጎን ተነስቶ ከመኝታው ራቅ ብሎ መሽናት ይጀምራል። የሚተኛበትን ማርጠብ አይወድም። ሳጥኑ ይህን ጠባይ መጠቀሚያ ነው፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚያወጣው ሰው ከሌለ ግን ቡችላውን በገዛ ሽንቱ ላይ የሚያስተኛ እስር ቤት ይሆናል።

ሳጥኑ፦ ሲጠብ ነው የሚያምረው

የዳማን ሳጥን ያሠራሁት ሠፈራችን ካለ በያጅ ነው፤ ቱቦላሬና ቀጭን ፌሮ ካለው በአንድ ቀን ያደርሰዋል። በያጁ ቡችላውን ቁልቁል አየና «ያድግ የለም እንዴ? ይስፋ!» አለኝ። እኔም ተስማማሁ። አንድ ሜትር ርዝመት፣ 70 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 75 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ሳጥን በይዶ አስረከበኝ። ልኩ አድጎ ለሚመጣው ውሻ ትክክል ነበር፤ ለ8 ሳምንት ቡችላ ግን አዳራሽ ሆነ። በመጀመሪያው ሌሊት ዳማ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ ሽንት ቤት አደረገው። ጧት ባየው ደረቁ ጥግ ላይ እንደ ድመት ተጠቅልሎ፣ አንዳች ሳይሰማው ተኝቷል። በእሱ ሕግ ምንም አላጠፋም፤ ከመኝታው ርቆ ነው የሸናው። በማግስቱ ከአናጢ የለመንኩትን ጣውላ መሐል ላይ በሽቦ አስሬ ቦታውን በግማሽ ቀነስኩት። በሦስት ቀን ውስጥ ሳጥኑ ውስጥ መሽናቱን ተወ።

ልኩን እንዲህ ያውጡት። ቡችላው ሲቆም ጭንቅላቱ ጣሪያውን አይንካ፤ ሳይጨናነቅ ዞሮ ይተኛ፤ በጎኑ ሲጋደም እግሩን መዘርጋት ይቻለው። ከዚህ የተረፈውን ቦታ በጣውላ ይዝጉ፣ ባደገ ቁጥር ጣውላውን እየገፉ ያስፉለት። የብረቶቹ ክፍተት ከ3 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ከሰፋ ጭንቅላቱን አሾልኮ መመለስ ያቅተዋል። የብየዳውን ሹል ጫፍ በሞረድ ያስለስሉ። ቀለም ካስቀቡት ሽታው እስኪጠፋ ጥቂት ቀናት አየር ላይ ያቆዩት። ሌላው ሁሉ ቢረሳዎት ይህን አይርሱ፦ የአንገት ማሰሪያውን ሳያወልቁ አያስገቡት። ማሰሪያው ብረት ላይ ተሰክቶ ሊያንቀው ይችላል።

ለምንጣፍ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም ያረጀ ጋቢ ይበቃል። ምንጣፉ ላይ ከሸና ግን ለጥቂት ቀናት ያንሱት፤ ወፍራም ጨርቅ ሽንቱን ስለሚመጠው ቡችላው መርጠቡ አይሰማውም። የአዲስ አበባ ሌሊት በጥቅምትና በኅዳር ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ፣ ከእናቱና ከወንድሞቹ ገላ ተለይቶ ለመጣ ቡችላ ብርዱ ራሱ ማስለቀሻ ነው። እኔ ሙቅ፣ ግን እጅ የማያቃጥል ውኃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልቼ፣ በወፍራም ካልሲ ጠቅልዬ ከምንጣፉ ሥር አደርግለት ነበር። ማኘክ ከጀመረ ግን ፕላስቲኩን ያውጡ።

የሽንት ቦታው

በስድስተኛው ቀን ለክትባት ስወስደው የእንስሳት ሐኪሟ በየሌሊቱ ግቢ እንደማወርደው ሰምታ ደነገጠች። ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ከታመመ ውሻ ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈር ውስጥ ለወራት ይቆያል፤ የኮንዶሚኒየም ግቢ ደግሞ ባለቤት የሌላቸው ውሾች መተላለፊያ ነው። ክትባቱ የሚጀምረው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜ ላይ ሲሆን፣ በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ እየተደገመ እስከ 16 ሳምንት ይዘልቃል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ዕድሜው አካባቢ ይሰጣል። ክትባቱ እስኪያልቅ ድረስ የመንደር ውሻ የሚረግጠው መሬት ላይ እግሩ አይረፍ። የታጠረና ሌላ ውሻ የማይገባበት ግቢ ካለዎት ዕድለኛ ነዎት፤ አንድ ጥግ መርጠው ሁልጊዜ ወደዚያው ይውሰዱት።

ለእኛ ለፎቅ ነዋሪዎች የቀረው በረንዳ ነው። ጠርዙ ዝቅ ያለ፣ ቡችላው ሊወጣበት የሚችል ሰፊ የፕላስቲክ ትሪ ይፈልጉና ከችግኝ መሸጫ ሳር ከነአፈሩ ገዝተው ይሙሉት። ትሪው ቀዳዳ አይኑረው፤ ከታች ያለችው ጎረቤት ልብስ ታሰጣለች። ዓይነ ምድሩን ወዲያው ያንሱ፤ ሳሩን በሳምንት አንዴ ይለውጡ፤ ሲለውጡ ግን ሽታው እንዲቀጥል ከአሮጌው ጥቂት ያስቀሩ። ሳር ካጡ ከአናጢ ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ ይሠራል፤ ሊበላው ስለሚሞክር ግን ከአጠገቡ አይራቁ። ጋዜጣ ማንጠፍ ለብዙ ሰው ይቀላል፤ እኔ አልወደውም። ወረቀት ላይ መሽናት የለመደ ቡችላ አንድ ቀን ወለል ላይ ያስቀመጡትን የልጅዎን ደብተር አይምርም።

እናቶቻችን ሕፃን ሲያሸኑ «ሽሽሽ» ይላሉ አይደል? ለቡችላም ይሠራል። ትሪው ላይ ያቁሙት፣ አያጫውቱት፣ መሽናት ሲጀምር ቀስ ብለው «ሽሽሽ» ይበሉ፤ እንደጨረሰ በዚያው ቅጽበት፣ ገና ትሪው ላይ እያለ፣ የጥፍር ያህል የተቀቀለ ጉበት ይስጡት። ቤት ገብቶ የሚሰጠው ጉበት ቤት ለመግባቱ የተከፈለው ይመስለዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድምፁን ሲሰማ መዞርና ማሽተት ይጀምራል፤ በሌሊት ብርድ በረንዳ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሳጥኑን የሚለምደው ቀን ነው

ብዙ ሰው ሳጥኑን የሚያስታውሰው ሲመሽ ነው። ቡችላው አይቶት በማያውቀው ብረት ውስጥ ይዘጋበታል፣ ያለቅሳል፣ በሁለተኛው ሌሊት ሳጥኑ ወደ ዕቃ ቤት ይገባል።

በመጀመሪያው ቀን በሩን ከፍተው ወደ ኋላ በገመድ ይሰሩት፤ ተንኳኩቶ እንዳያስደነግጠው። ጉበት ወይም የደረቅ ምግብ ፍሬ መግቢያው ላይ፣ ቆይተው ደግሞ ወደ ውስጥ ይጣሉለት። ገብቶ ይውጣ፤ አይግፉት። በሁለተኛው ቀን ሳህኑን ከሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡና ሁሉንም ምግብ እዚያ ይብላ። በሦስተኛው ቀን ሲበላ በሩን ገርበብ፣ ከዚያ ዘጋ ያድርጉ፤ በልቶ እንደጨረሰ፣ ማልቀስ ሳይጀምር ይክፈቱ። በአራተኛው ቀን ተጫውቶ፣ ሸንቶ፣ ዓይኑ መከደን ሲጀምር ያስገቡትና ከአጠገቡ ተቀምጠው አምስት ደቂቃ ይዝጉ። ቀጥሎ አሥር ደቂቃ፤ ቀጥሎ ወጥ ቤት ገብተው ይመለሱ። ቡችላ በቀንና በሌሊት ተደምሮ 18 ሰዓት ያህል ይተኛል፤ እንቅልፉ ሲመጣ ካስገቡት ግማሹን ሥራ እንቅልፉ ይሠራልዎታል።

ቀን ላይ የ2 ወር ቡችላ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ይውጣ፤ እንቅልፍ ከወሰደው ሁለት ሰዓት ሊደርስ ይችላል። ጧት ዘግተውበት ሥራ ውለው የሚመለሱ ከሆነ ሳጥኑ አይሆንዎትም። ከሳጥኑ ፊት ለፊት ትንሽ አጥር ያጥሩና ትሪውን እዚያው ያስቀምጡ፤ ቀን ላይ የሚያየው ሰውም ይፈልጉ።

እዚህ ላይ የእማዬን ነገር ልንገራችሁ። ከቀበና ልትጠይቀኝ መጥታ ሳጥኑን ስታይ «ምን አድርጎሽ ነው ያሰርሽው?» አለች። ዳማ ድምፅዋን ሰምቶ ሲያላዝን ከፈተችለት። እንደገና ስዘጋ አላዘነ፣ እንደገና ከፈተች። በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጮኾ በር ማስከፈት እንደሚቻል አስተምራው ሄደች። ያንን ለማስረሳት ሳምንት ፈጀብኝ። ስለዚህ እናት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ልጆች፣ ማንም ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ስምምነቱን አስቀድሞ ይወቅ። አንድ ደብተር ማቀዝቀዣው አጠገብ ያንጠልጥሉና የበላበትን፣ የሸናበትንና የሳተበትን ሰዓት ሁሉም ይጻፍ። በአራተኛው ቀን ገደማ ደብተሩ ራሱ የቡችላውን ሰዓት ይነግርዎታል።

ማታ የበላውን ሌሊት ያወጣዋል

በዚህ ዕድሜ በቀን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበላል። ሰዓቱ ካልተዛነፈ መውጫውም አይዛነፍም፤ ቡችላ ከበላ በኋላ ከአምስት እስከ ሠላሳ ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይነ ምድሩ ይመጣል። የመጨረሻው ምግብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ ይሁን። ውኃ ቀኑን ሙሉ አይከልክሉት፤ ከመተኛቱ ሁለት ሰዓት ቀደም ብለው፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሳህኑን ያንሱ።

የሌሊቱን ሥራ የሚያበላሹት ሁለት የምናውቃቸው ነገሮች ናቸው። አንዱ የላም ወተት ነው። ለቡችላ ወተት መስጠት ደግነት ይመስለናል፤ ብዙዎቹ ግን አይፈጩትም፣ ሆዳቸው ይላላል፣ የላላ ሆድ ደግሞ እስከ ጧት አይጠብቅም። ሁለተኛው ከእራት የተረፈ ፍርፍር ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፤ የወጡ ጨው ደግሞ ውኃ ያስጠጣዋል፣ ውኃው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይወጣል። ዳማ ያለ ምክንያት ሁለት ሌሊት አከታትሎ ሲስት ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ለካ ወጥ የነካ እንጀራ ከታች ፎቅ ልጆች እጅ ይደርሰው ኖሯል።

ጾምም ይታሰብበት። ቤቱ ሥጋ የማይበስልበት ሆኖ ሉካንዳውም ሲዘጋ የውሻው ምግብ በአንድ ቀን ከሥጋ ወደ ሽሮ ይዞራል፤ ሆዱም አብሮ ይዞራል። ቀደም ብለው ጉበት ቀቅለው በትንንሹ ያቀዝቅዙ፣ ወይም ዓመቱን ሙሉ የማይለወጥ ደረቅ ምግብ ያስለምዱት። መለወጥ ግድ ከሆነ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ እየቀላቀሉ ይሁን።

ሌሊቱ

ሳጥኑ ከአልጋዎ አጠገብ ይሁን፣ እጅዎ በሚደርስበት ርቀት። ሳሎን ያስቀመጡት ቡችላ ሲያለቅስ አይሰሙትም፤ ቢሰሙትም ለሽንት ይሁን ለብቸኝነት አይለዩትም። ሦስቱን ጎን በነጠላ ወይም በሻሽ ይሸፍኑ፣ ፊቱ ክፍት ይሁን። ሌሊት የመንደር ውሾች ሲንጫጩ፣ ከቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ ሲሰማ፣ አዛን ሲል ቡችላው ይነቃል። ሽፋኑ ድምፁን ባያቆምም ጨለማው ያረጋጋዋል።

ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጨዋታ ይቁም። 4 ሰዓት ላይ በረንዳ ወጥቶ ይሽና። ካልሸና አሥር ደቂቃ ጠብቀው ይድገሙት፤ ሳይሸና አይተኛ። ከዚያ ስልክዎን ይደውልልዎ ዘንድ ያዘጋጁ። ግምቱ እንዲህ ነው፦ በወር በተቆጠረ ዕድሜው ላይ አንድ ይደምሩ፣ ያ ሲጀምር የሚይዝበት ሰዓት ነው፤ ልምምዱ ሲገፋ በእንቅልፍ ላይ ከዚያ በላይ ይይዛል። የ2 ወሩ 3 ሰዓት፣ የ3 ወሩ 4 ሰዓት። ለ8 ሳምንት ቡችላ ከሌሊቱ 7 ሰዓትና 10 ሰዓት ላይ መነሳት፣ ጧት 12 ሰዓት ላይ ደግሞ ቀኑን መጀመር ማለት ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ እሱ ሳያለቅስ እርስዎ ይነሱ። መብራት አያብሩ፤ መብራት ሲጠፋም የሚያገለግል ትንሽ ባትሪ ከትራስ ሥር ይኑር። አቅፈው ይውሰዱት፤ ካስረገጡት መንገድ ላይ ይለቀዋል። «ሽሽሽ»፣ ጉበት፣ ወደ ሳጥን። አያናግሩት፣ አይሳሙት። ሌሊት መነሳት አስደሳች ከሆነ ሽንቱ ሳይመጣም መነሳት ይጀምራል።

ሦስት ሌሊት በተከታታይ ደርቆ ካደረ የመጀመሪያውን ደወል በ20 ደቂቃ ያዘግዩ። ሌላ ሦስት፣ ሌላ 20 ደቂቃ። ሁለቱ ደወሎች ተቀራርበው አንድ ሲሆኑ ያ አንዱ ወደ ጧት ይገፋል። አንድ ሌሊት ከሳተ ወደ ቀድሞው ሰዓት ይመለሱ፣ መቆጣት የለም። አብዛኞቹ በ4 ወር ዕድሜያቸው አካባቢ ስድስት ሰባት ሰዓት ይተኛሉ፤ ትንንሽ ዝርያዎች ይዘገያሉ።

ለቅሶውን ግን ይለዩት። ገና እንደገባ የሚያለቅሰው ተቃውሞ ነው፤ ጣቶችዎን በብረቱ መሐል አስገብተው ዝም ይበሉ፣ በሩን አይክፈቱ። ዳማ በመጀመሪያው ሌሊት አርባ ደቂቃ ያህል አለቀሰ፣ በሁለተኛው አሥራ አምስት፣ በአራተኛው አውራ ጣቴን ልሶ ተኛ። ተኝቶ ከቆየ በኋላ ድንገት ነቅቶ የሚቁነጠነጥ ከሆነ ግን ሽንት ነው፤ ወዲያው ይውሰዱት። ምራቁ እየተዝረበረበ ብረቱን የሚነክስና ራሱን የሚያቆስል ቡችላ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲያለቅስ መተው አያስተካክለውም፤ በሩን ይክፈቱና የቀኑን ልምምድ ከመጀመሪያው ያስጀምሩት።

ሲስት

ሲሸና ከደረሱ እጅዎን አጨብጭበው ያስቁሙትና ትሪው ላይ ያስጨርሱት። ካለፈ በኋላ ካዩት ጨርቅ ያምጡ፣ ያ ብቻ። በረኪና አያፍሱበት፤ በሽንቱ ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ያወጣል። መጀመሪያ በደረቅ ጨርቅ ይምጠጡት፣ ቀጥሎ ማሸጊያው ላይ ኢንዛይም ያለው መሆኑ የተጻፈበት የልብስ ዱቄት ሳሙና ለብ ባለ ውኃ በጥብጠው ይጠቡት። እሱ ከሌለ አቼቶ በእኩል ውኃ ይቀላቅሉ። ለእኛ የጠፋ ሽታ ለእሱ አልጠፋም፤ ሽታው ካለ ተመልሶ እዚያው ይሸናል።

መንገድ ዳር በጠባብ ካርቶን ሲሸጥ የከረመ ቡችላ በቆሻሻው ላይ መተኛት ለምዶ ሊመጣ ይችላል። ለእሱ ጠባብ ሳጥን ብቻውን አይበቃም፤ ምንጣፉን አንስተው፣ ምግቡን እዚያው እያበሉ፣ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ሰዓቱ ያውጡት። ደርቆ ማደር የጀመረ ቡችላ በድንገት በየጊዜው ጠብ ጠብ የሚያደርግ ከሆነ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ትላትልም ሆድ ያላላሉ፤ የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ እስከ 8 ሳምንት በየ2 ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ 6 ወር በየወሩ ይሰጣል። ማስመለስና ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አብረው ከመጡ ግን እስከ ነገ አይጠብቁ፤ ፓርቮ ከሆነ አንድ ሌሊት ብዙ ነው።

ከበረንዳ ወደ ግቢ

የመጨረሻው ክትባት ከተሰጠ ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ወደ ውጭ ማሸጋገር ይቻላል። ብዙ ቡችላ ውጭ አንድ ሰዓት ቆሞ ሳይሸና ይመለስና በረንዳው ላይ ይለቀዋል፤ ቦታው ያ ነው ብሎ ስለተማረ። እኔ ከትሪው ላይ ሽንት የነካውን ሳር በእፍኝ ቆርሼ፣ በፌስታል ይዤ፣ ጧት 12 ሰዓት ላይ ከዳማ ጋር ወረድኩ። ሳሩን ከግንቡ ሥር አስቀምጬ «ሽሽሽ» ስል የግቢው ጥበቃ ከዳሳቸው አንገታቸውን አወጡ።

«ጠፋችሁ እኮ! አሁንስ በሌሊት ስንት ጊዜ ነው?»

«ሌሊት ቀርቷል አባባ። ጧት ብቻ ነው።»

ዳማ ሳሩን ሁለት ጊዜ ዞረው፣ አሸተተው፣ ከዚያ ሳሩን ትቶ የአባባን የመቀመጫ ድንጋይ መረጠ።